የሞዴሉን ዓመት ሳይሆን የመኪናውን ጤና ይግዙ፦ ለአንድ አባት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

በአራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር አምስት ነን። ለዓመታት ባጠራቀምነው ገንዘብ አነስተኛ የቤት መኪና ልንገዛ አስበናል። ደላላው ሁለት ቶዮታ ቪትዝ አሳይቶናል። አንደኛው 2003 ሞዴል፣ ባለ 1 ሊትር ሞተርና በእጅ የሚቀየር ማርሽ ያለው ነው። ሁለተኛው 2008 ሞዴል፣ ባለ 1.3 ሊትር ሲሆን የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም፤ ‹አውቶማቲክ ነው› ተብለናል። ሁለተኛው ቅርጹም ሰሌዳውም አዲስ ነው፤ ነገር ግን ያለንን ገንዘብ በሙሉ ይወስዳል። የትኛውን እንግዛ? ስንፈትሽስ ምን እንመልከት?»

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ሁለተኛውን መኪና፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ) ከዚህ በታች የምገልጸው ዓይነት ከሆነ፣ ባይገዙት እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ፍተሻውን ካለፈ ሊገዛ የሚችል መኪና ነው፤ ሆኖም አምስት ሰው ጭኖ የዚህን ከተማ ዳገት ለመውጣት ጉልበቱ ያንሰዋል። ጥቂት ሳምንት መታገሥ የሚችሉ ከሆነ ደላላውን ሦስተኛ ዓይነት እንዲፈልግልዎ ይጠይቁት፤ ይኸውም ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ሆኖ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ወይም እውነተኛ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ነው። ዓመቱ ቢያረጅ፣ ሰሌዳው የቆየ ቢሆንም ግድ የለም።

ይህን የምለው የከተማችን ገበያ ያገለገለ መኪናን ዋጋ በአብዛኛው የሚቆርጠው በሞዴሉ ዓመት፣ በሰሌዳው ፊደልና በቀለሙ ንጽሕና በመሆኑ ነው። የሰሌዳው ፊደል የሚናገረው መኪናው መቼ ገደማ እንደተመዘገበ ብቻ ነው፤ ስለ ሞተሩና ስለ ሻንሲው የሚለው ነገር የለም። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉ ወዲህ ደግሞ ገዢና ሻጭ የሚገናኙት አገር ውስጥ ባሉት መኪናዎች ላይ ብቻ ስለሆነ ያረጀውን ቀለም ቀብቶ፣ ስቱኮ ሞልቶ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን መልሶ ለማቅረብ የሚገፋፋው ጥቅም ጨምሯል። ስለዚህ ለዓመትና ለሰሌዳ ከሚከፍሉት ገንዘብ የተወሰነውን አስቀርተው ለጥገና ቢያቆዩት ቤተሰብዎን የበለጠ ይጠቅማል።

አሁን ወደ 2008ቱ መኪና ልመለስ። የማርሽ ዘንጉን ይመልከቱ። ከፊደላቱ መካከል «ፒ» የሚለው የማቆሚያ ምልክት ከሌለና «ኢ» እና «ኤም» ከመደመርና ከመቀነስ ምልክት ጋር ከተጻፉበት ያ እውነተኛ አውቶማቲክ አይደለም። ቶዮታ መልቲሞድ የሚለው፣ እኛ ሴሚ አውቶማቲክ የምንለው ነው። ውስጡ እንደ ማንኛውም የእጅ ማርሽ ካምቢዮና ፍሪሲዮን አለው፤ ልዩነቱ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠውና ማርሹን የሚቀይረው በኮምፒውተር የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ሞተር መሆኑ ነው። በተጨናነቀ ዳገት ላይ ሾፌሩ ፍሬን መያዝ ትቶ በቤንዚን ብቻ መኪናውን አቁሞ ሲያቆይ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ሲደክም ደግሞ መኪናው መንገድ መሐል ማርሽ አልገባም ብሎ ይቆማል። ፍሪሲዮኑ ከተለወጠ በኋላም በመመርመሪያ መሣሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር እንደገና ማስማማት ስለሚያስፈልግ በየሰፈሩ ያለ መካኒክ ሁሉ የሚጨርሰው ሥራ አይደለም። የ1.3 ሊትሩ ሞተር ራሱ ጥሩ ነው፤ ቅሬታዬ ከካምቢዮው ጋር ብቻ ነው። ዘንጉ ላይ «ፒ» ካለ ግን ምክሬ ይለወጣል።

ስለ ጉልበቱ ላብራራ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፋብሪካው 68 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው የ1 ሊትር ቪትዝ እዚህ የሚሰጠው 55 ገደማ ነው፤ ወደ 86 ያለው 1.3 ደግሞ ወደ 69 ይወርዳል። ይህ ማለት እዚህ ያለው ባለ 1.3 ባሕር ዳርቻ ካለ ባለ 1 ሊትር ጋር ይስተካከላል ማለት ነው። ብቻውን ወይም ሁለት ሆኖ ለሚጓዝ ሰው 1 ሊትሩ ይበቃል። አምስት ሰው ጭኖ በየቀኑ ዳገት የሚወጣ ከሆነ ግን ሾፌሩ ዘወትር በሁለተኛ ማርሽ ቤንዚን ረግጦ ስለሚሄድ የታሰበው የነዳጅ ቁጠባም አይገኝም።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው፤ ይህን ብዙ ገዢዎች አያስቡትም። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የቪትዝ ቴርሞስታት (ውኃው ወደ ራዲያተሩ የሚያልፍበትን በር እንደ ሙቀቱ የሚከፍተው ዕቃ) መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ሞተሩ በጤናው የሚሠራው ወደ 90 ተጠግቶ ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው በራዲያተሩ ክዳን ታፍኖ የሚቆየው ግፊት ነው፤ ክዳኑ ደህና ከሆነ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ወይም የምታንጠባጥብ ቱቦ ያለው መኪና ዝቅተኛ ስፍራ ላይ ሳያስቸግር ሊቆይ ቢችልም እዚህ ዳገት ላይ ይፈላል፤ ከዚያም ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጋርኒሲዮንም ይቃጠላል። እንግዲህ ፍተሻው ከዚህ ይጀምር።

ሻጩን ሞተሩን ሳያስነሣ እንዲጠብቅዎ ይጠይቁት። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ፤ ሞቆ ካገኙት ሌላ ቀን ይመለሱ፤ ምክንያቱም የደከመ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው በርዶ ሲነሣ ነው። ሞተሩ እንደ በረደ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ፈሳሹ እንደ ማቀዝቀዣው ቀለም አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ የጠራ መሆን አለበት። ዝገት የመሰለ ቡናማ ውኃ ካዩ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ብቻ ሲጨመርበት ኖሯል ማለት ነው። ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩ ይነሣ፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከራዲያተሩ አፍ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ ከሲሊንደር የሚያመልጥ ጋዝ ሊሆን ስለሚችል እዚያው ላይ ስንብት ያድርጉ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ይህን ክዳን ፈጽሞ አይክፈቱ፤ ፊትንና እጅን ክፉኛ ያቃጥላል።

የጭስ ማውጫውንም ይመልከቱ። ሞተሩ ሲነሣ ወይም ቤንዚን ተለቆ እንደገና ሲረገጥ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. ከ2005 በኋላ በመጣው ቅርጽ ውስጥ ያለው የ1 ሊትር ሞተር ባለ 3 ሲሊንደር ስለሆነ ቆሞ ሲሠራ መጠነኛ መንቀጥቀጥ ባሕርዩ ነው፤ የ2003ቱ ግን ባለ 4 ሲሊንደር በመሆኑ ሻጩ ለመንቀጥቀጡ «የቪትዝ ጠባይ ነው» ቢልዎ አይቀበሉት።

የኮምፕሬሽን ልኬት፣ ማለትም በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት የሚያሳይ ምርመራ፣ ያስደርጉ፤ ለሻጩም ወጪውን እርስዎ እንደሚከፍሉ ይንገሩት። እዚህ ላይ መካኒኮችም የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ 15 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያለው ጤነኛ ሞተር በእኛ ከፍታ ከ11 እስከ 12 ባር ቢያሳይ አልደከመም፤ የሚስበው አየር ስለ ሳሳ ነው። ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ሲሆን ከ1 ባር ካለፈ ችግር አለ። የመመርመሪያ መሣሪያም ይሰካበት፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ የቤንዚን መኪናዎች ሁሉ መሰኪያው አላቸው። መሣሪያው ስሕተት ባያሳይ እንኳ የመኪናው የራስ ምርመራዎች «አልተጠናቀቀም» የሚሉ ከሆነ ስሕተቱ በቅርቡ ተሰርዞ ይሆናል። ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሡ የሞተር ምልክቷ መብራት መብራቷንም ያረጋግጡ። ካልበራች አምፖሏ ወይም መስመሯ ተነክቷል ማለት ነው።

ስለ አካሉ ሲሆን፣ ከተማችን ውስጥ ቪትዝ ብለን የምንጠራቸው ብዙዎቹ በአውሮፓ ያሪስ ተብለው የተሸጡ ናቸው። የሻንሲ ቁጥሩ በላቲን ፊደላት ቪ፣ ኤን፣ ኬ ከጀመረ መኪናው እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ፈረንሳይ ውስጥ ቫሎንሲየን በሚገኘው የቶዮታ ፋብሪካ የተሠራ ነው፤ ጄ፣ ቲ፣ ዲ ከሆነ ጃፓን ውስጥ ተሠርቷል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ይሁንና በአውሮፓ ክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን መኪናውን በክሪክ አስነሥተው ወይም የጋራዥ ጉድጓድ ላይ አቁመው የፍሬን ቧንቧዎቹን፣ የኋላ አክሱን ዙሪያና ከበሮቹ ሥር ያለውን ላሜራ በባትሪ ብርሃን ይመርምሩ። አዲስ ጥቁር ቀለም ከሥር ተቀብቶ ካዩ በጣትዎ ጫን ይበሉት፤ ጤነኛ ላሜራ አይሰረጉድም።

ከኋላ በር ያላቸው ትናንሽ መኪናዎች ከኋላ ሲገጩ ጉዳቱ የሚደበቅበት አንድ ቦታ አለ። የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ያንሡ፣ ስኮርት ጎማውን ያውጡና ጎማው የተቀመጠበትን ጎድጓዳ ወለል ይመልከቱ። ከፋብሪካ የወጣ ወለል ቅርጹ የተስተካከለ፣ የብየዳ ነጥቦቹ እኩል ተራርቀው የተቀመጡ ክብ ምልክቶች ናቸው። የመዶሻ ምልክት፣ የተጨማደደ ላሜራ፣ የተጎረበጠ ስቱኮ ወይም ረጅም የጋዝ ብየዳ ካለ መኪናው ክፉኛ ተገጭቶ ነበር። ፊት ለፊት ደግሞ የኮፈኑንና የመከላከያዎቹን ብሎኖች ራስ ይዩ፤ ቀለማቸው በቁልፍ ከተላጠ አካሉ ተፈትቷል። ጎማው ጎን ላይ የታተሙት አራት አኃዞችም ያገለግላሉ፤ 2319 ካለ በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱ ጎማዎች የተለያየ ዕድሜ ካላቸው ወይም በአንድ ጎን ብቻ ከተበሉ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ለሙከራ ቤተሰብዎን ይዘው ይምጡ፤ ብቻዎን ነድተው የወደዱት መኪና አምስት ሆናችሁ ስትሳፈሩበት ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል። ከለገሃር ተነሥታችሁ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ውጡ። ዳገቱ ላይ በዝግታ ሳላችሁ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ቤንዚኑን ይርገጡ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ድምፁም ፍጥነቱም ቀስ ብለው ከወጡ ግን የጉልበት ማነስ እንጂ ብልሽት አይደለም። ብዙዎቹ ቪትዞች የሙቀት ቀስት ስለሌላቸው መካኒኩ መሣሪያውን እንደሰካ አብሯችሁ ቢሄድና ሙቀቱን ቢከታተል መልካም ነው፤ ዳገቱን ጨርሳችሁም ከ100 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት። ስትመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲይዙ መሪው መንቀጥቀጡን ወይም መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳቡን ያስተውሉ።

ከቪትዝ ውጪ ለሚቀርብልዎ መኪና አንድ ነገር ይጠይቁ፤ የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እኩል የሚያስኬደው ታይሚንግ ቺንጊያ ነው ወይስ ሰንሰለት? ቪትዝና እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የመጣው ቅርጽ ያለው ባለ 1.3 ሱዙኪ ስዊፍት ሰንሰለት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ባለ 1.1 ኪያ ፒካንቶዎች ቺንጊያ አላቸው፤ መቼ እንደተለወጠ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተለወጠ ቆጥረው ወጪውን ከዋጋው ያስቀንሱ። መለዋወጫ ግን ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ እንደ ቪትዝ በቀላሉ የሚገኝለት አነስተኛ መኪና ጥቂት ነው።

ሰነዱን በተመለከተ፣ በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። መኪናው በባንክ አለመያዙን፣ በፍርድ ቤት አለመታገዱንና ከቀረጥ ነፃ የገባ አለመሆኑን ፋይሉ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሳያጣሩ ቀብድ አይክፈሉ። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን የሚፈቅድ፣ ያልተሻረና የወካዩም በሕይወት መኖር የተረጋገጠ ይሁን። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ወይም ጓደኛዋ ስምምነት ያስፈልጋል። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ተፈራርመው ገንዘቡን በባንክ ያስተላልፉ።

መኪናው እጅዎ ሲገባ፣ ሻጩ ምንም ቢልዎ፣ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የራዲያተር ፈሳሽ ከነክዳኑ፣ የፍሬን ዘይትና የውጭውን ቺንጊያ ይለውጡ፤ የፍሬን ፓስቲኬና ሸራም ይታይ። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከግዢው በፊት ለብቻ ይቀመጥ። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ሞተሩ ቆሞ የሚሠራበት ሰዓት ብዙ ስለሆነ ዘይቱን ከዚያ በኋላ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀይሩ፤ ካለፈው ለውጥ ስድስት ወር ከሞላው ኪሎ ሜትሩን አይጠብቁ።