ሕዋስን በቃሉ ለሚሸመድድ ልጅ

እህቴ፣ «ስምንተኛ ክፍል ያለው ልጄ የሕዋስ ክፍሎችን እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል፤ የቱ ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ ግን ይደናገራል፤ ምን ላድርግ?» ብለው ጠይቀዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ያየሁትን ላካፍልዎ።

ጥፋቱ የልጅዎ አይመስለኝም። አይቶት የማያውቀውን ነገር ስም ነው የሚሸመድደው። እኔም ለዓመታት «ሕዋስ እንደ ብርድ ልብስ ፋብሪካችን ነው» እያልኩ አስተምሬያለሁ፤ ልጆቹ ፋብሪካውን ያስታውሱና ሕዋሱን ይረሱታል።

መላ ያገኘሁት ከሸዋ ሮቢት በሚመጣው ቀይ ሽንኩርት ነው። የነበረን ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ፣ እሱም ያረጀ ነበር፤ ግን በቃን። ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ስስ ቆዳ በጥፍር ልጦ በውኃ ጠብታ መስታወት ላይ ማኖር ነው። እንደ ጡብ የተደረደሩ ሕዋሳት ይታያሉ። በመካከላቸው ያለው መስመር የሕዋስ ግድግዳ ነው፤ ቀለሙ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ቦታ በያዘው የውኃ ከረጢት፣ በቫኩዎሉ ውስጥ ነው።

«ገለፈቱስ፣ የሕዋሱን ውስጥ የሚጠቀልለው ስስ ሽፋን፣ የታለ?» ስላቸው ሁሉም ግድግዳውን ይጠቁማሉ። ያኔ የተበጠበጠ ጨው ከጎን አንጠባጥባለሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ውኃው እየወጣ ወይን ጠጁ ይሸበሸባል፤ ከግድግዳው ተላቅቆ መሐል ላይ ይሰበሰባል። ግድግዳው ንቅንቅ አይልም። የተላቀቀው ጠርዝ ገለፈቱ ነው፤ ውኃውን አሳለፈ፣ ቀለሙን ግን አላፈሰሰም። አንዲት ተማሪ «ለካ ሰላጣ ጨው ሲነካው ውኃ የሚያወጣው ለዚህ ነው!» አለች። ከዚያ በኋላ ገለፈት ምን እንደሚሠራ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ለኒውክለሱ ሌላ ልጣጭ ወስዶ አዮዲን ጠብ ማድረግ ነው፤ ቢጫ ነጥብ ሆኖ ጥግ ላይ ይወጣል። ስሙን በ1831 ያወጣለት ስኮትላንዳዊው ሮበርት ብራውን ነው። የሕዋሱ መመሪያ፣ ዲኤንኤው፣ በአብዛኛው እዚያ ተቀምጧል። የመመሪያውን ቅጂ አንብበው ፕሮቲን የሚሠሩት ራይቦዞሞች በእኛ ማይክሮስኮፕ አይታዩም፤ ይህን ለልጁ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፣ አለዚያ «ዓይኔ ነው ያላየው» ይላል። ማይቶኮንድሪያም እንዲሁ። ከምግብ ጉልበት የሚያወጡት እነሱ ናቸው፤ ልጅዎ ዳገት ሲወጣ የሚስበው ኦክስጅን መድረሻው እዚያ ነው።

ከዚያ የጎደለውን ይጠይቁት። ሽንኩርት ተክል ሆኖ ሳለ ልጣጩ ለምን አረንጓዴ አይደለም? ብርሃን በማያገኝበት አፈር ውስጥ ምግብ የሚያዘጋጀው ክሎሮፕላስት ምን ይሠራል! ቅጠሉ ላይ ግን ሞልቷል። የበሰለ ቀይ የደም ሕዋሳችንስ ኒውክለስ ለምን የለውም? ኦክስጅን ለሚሸከመው ሄሞግሎቢን ቦታ ለቅቆ ነው።

ማይክሮስኮፕ ካላገኙ ሽንኩርት ከትፈው ጨው ነስንሰው ሳህን ላይ ይተዉትና ውኃው ከየት እንደመጣ ይጠይቁት። በማይክሮስኮፕ የሚያዩት ከሆነ ደግሞ ጨዉ ጠንከር ብሎ ይበጥበጥ፤ ከቀጠነ ሽንኩርቱ አይሸበሸብም።