ዲቪ ስጠብቅ ስምንት ዓመት አለፈኝ፤ ተስፋ ልቁረጥ?

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። 29 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዳማ ነው። በአካውንቲንግ ዲፕሎማ አለኝ፣ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ። ዲቪ መሙላት የጀመርኩት 21 ዓመቴ ላይ ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ውጤቱን ከፍቼ አለመመረጤን ሳይ ለሳምንት ያህል ከሰው ጋር ማውራት ያስጠላኛል።

ችግሬ ግን እሱ ብቻ አይደለም። የሱቁ ባለቤት ሽርክና እንግባ ብለውኝ ነበር፤ "ዲቪ ቢደርሰኝስ?" ብዬ እምቢ አልኩ። እጮኛዬም ሦስት ዓመት ሙሉ እየጠበቀኝ ነው፤ ካገባሽ ፎርሙ ይበላሻል ስላሉኝ። እናቴ ሁልጊዜ "ልጄ፣ ተስፋ አትቁረጪ" ትለኛለች። ተስፋ ጥሩ ነገር ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ታዲያ የኔ ተስፋ ለምን አደከመኝ? ቆርጬ ልረፍ?

"ጠባቂዋ" ነኝ፣ ከአዳማ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ሁለት ቀን ከሐሳቤ አልወጣም። አትቁረጪ። ግን ተስፋሽን የጣልሽበትን ቦታ አብረን እንየው።

መጀመሪያ ዲቪው። ዕጣው የሚወጣው በኮምፒውተር ነው። ሕጉ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ይፈቅዳል፤ የሚሞላው ሕዝብ ግን በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። የሚመረጠው ሰው ከቪዛው ቁጥር ስለሚበልጥ፣ ዕጣ የወጣለት ሁሉ እንኳ አይሄድም። ደግሞ በየዓመቱ ከዜሮ ይጀመራል። ስምንት ዓመት መታገሥሽን ኮምፒውተሩ አያውቅልሽም። ይህን የምነግርሽ ልብሽን ለመስበር አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያንቺ ሥራ የግማሽ ሰዓት ብቻ መሆኑን እንድታዪው ነው። ግማሽ ሰዓት ትሞያለሽ፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ እጅሽን አጣጥፈሽ ትጠብቂያለሽ፣ ሱቁም ትዳሩም አብረውሽ ይጠብቃሉ። ያደከመሽ ይሄ ይመስለኛል። ሰው ሮጦ ከሚደክመው ቆሞ የሚደክመው ይብሳል። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለ ዕጣ ካነሳን አይቀር፣ አንድ ሌላ ዕጣ ልንገርሽ። ልጅ ሆኜ እናቴ የሰፈር ዕቁብ ነበራት፤ ሃያ ሴቶች፣ በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት። ሐሳቧ የልብስ ስፌት መኪና መግዛት ነበር። ዕጣው ቶሎ አልወጣላትም፤ መጨረሻ አካባቢ ነው የደረሳት። እስከዚያ ድረስ ግን አንድም ቀን ስትተክዝ አላየኋትም። ማታ ማታ እራት አብልታን ጎረቤታችን እትዬ ጋ ትሄዳለች፣ በእሳቸው መኪና ኮሌታና እጅጌ መግጠም ትለማመዳለች፣ ስትመለስ ደግሞ አሮጌ ጋዜጣ ወለል ላይ ዘርግታ፣ በእኔና በእህቴ ቁመት ልክ ቀሚስ እያወጣች ትቆርጣለች። ጠዋት ስንነሳ ቤቱ የጋዜጣ ቀሚስ በጋዜጣ ቀሚስ ሆኖ እናገኘዋለን። መኪናው ቤታችን በገባ በሳምንቱ የሰው ልብስ መስፋት ጀመረች።

ዕቁብም ዕጣ ነው፤ ግን ያስገባ ሁሉ ተራው ይደርሰዋል። በየሳምንቱ ከእጅሽ የምታስገቢው ነገር አለ። ዲቪ ላይ ምን እያስገባሽ ነው? ከዕድሜሽ በቀር ምንም።

በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ቻርልስ ስናይደር የሚባሉ የሥነ ልቦና ምሁር ተስፋን ለብዙ ዓመት አጥንተዋል። እሳቸው እንደሚሉት ተስፋ ስሜት ብቻ አይደለም። የምትፈልጊው ግብ ይኖርሻል፤ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ፣ አንዱ ሲዘጋ ደግሞ ሌላ፣ ትፈልጊያለሽ፤ በመንገዱ ለመሄድ የሚያስችል "እችላለሁ" የሚል ጉልበትም ያስፈልግሻል። ያንቺ ተስፋ ግቡ አለው። በእግርሽ የምትሄጂበት መንገድ ግን የለውም።

"ታዲያ ከአቅሜ በላይ የሆነ ነገር ተስፋ አላድርግ?" ትዪኝ ይሆናል። አድርጊ። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር ሁልጊዜ የሚገርመኝ በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ 5,000ውን ሳይሮጥ ቀረ። አራት ዓመት ተዘጋጀ። የ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲደርስ፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደነበረባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ምክንያት ብዙ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ረግጠው ወጡ፤ ኢትዮጵያም አብራ ቀረች። እስቲ አስቢው። በጉልበቱ ዘመን ላይ ያለ ሯጭ፣ እሱ ባልወሰነው ነገር፣ ሌላ አራት ዓመት ጠብቅ ሲባል። ኦሊምፒኩ በእጁ አልነበረም። ጠዋት ተነስቶ መሮጡ ግን በእጁ ነበር። በ1979 እዚያው ሞንትሪያል ላይ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ 5,000ውንም 10,000ውንም አሸነፈ፤ በ1980 ሞስኮ ላይ ደግሞ በመጨረሻዎቹ 300 ሜትሮች ማርሹን ቀይሮ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። ስምንት ዓመት ነው፣ ልክ እንዳንቺ። እሱ ግን ስምንቱንም ዓመት ሮጧል።

አሁን ወደ ቤትሽ ጉዳይ እንምጣ። ካገባሽ ፎርሙ ይበላሻል ያሉሽ ተሳስተዋል። ያገባ ሰው ዲቪ መሙላት ይችላል፤ የሚያበላሸው የትዳር ጓደኛን ወይም ልጅን ሳያስመዘግቡ መቅረት ነው። እንዲያውም ሁለታችሁም መስፈርቱን፣ ማለትም 12ኛ ክፍል መጨረስን ወይም የሚፈለገውን የሥራ ልምድ፣ ካሟላችሁ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ፎርም መሙላት ትችላላችሁ፤ ለአንዳችሁ ከወጣ ሌላው አብሮ ይታያል። እጮኛሽ ሦስት ዓመት የጠበቀው በተሳሳተ ወሬ ነው። ዛሬውኑ ንገሪው። ፎርሙን ሌላ ሰው ከሞላልሽም የማረጋገጫ ቁጥሩን ራስሽ ያዢው፤ ያለ እሱ ውጤትሽን ማየት አትችዪም።

የሱቁን ባለቤት ደግሞ ሄደሽ "ያ ነገር አሁንም አለ?" ብለሽ ጠይቂያቸው። አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ካለፈ የሚያስከፋ ነው፣ ግን ሒሳብ የምታውቅና የሱቁን ዕቃ አንድ በአንድ የለየች ልጅ የሚፈልግ ነጋዴ አዳማ ውስጥ እሳቸው ብቻ አይደሉም። እሺ ካሉሽ በቃል እንዳይቀር፣ ድርሻሽ ስንት እንደሆነ በውል ይጻፍ። መነሻ ብር ካነሰሽ ዕቁብ ግቢ።

አንድ ነገር ብቻ አሳስቦኛል። ውጤት በወጣ ቁጥር ለሳምንት ከሰው እርቃለሁ ብለሻል። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለሽ፣ ወይም መኖር ካስጠላሽ፣ ለብቻሽ አትያዢው። ለእናትሽ ንገሪ፣ ሐኪም ጋም ሂጂ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ምክራቸው ልክ ነው። ዲቪው ከተከፈተ ግማሽ ሰዓትሽን ሰጥተሽ ሙዪና ወደ ሥራሽ ተመለሺ። ሰውየው ስለ ሽርክናው ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።