ዲኤስኤል መብራቱ በርቶ ኢንተርኔቱ እምቢ ሲል

ከለገጣፎ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ልጅሽ ሞደሙ ኋላ ያለችውን የሪሴት ቀዳዳ (ሞደሙን ከፋብሪካ እንደወጣ የምታደርገውን) በእስክሪብቶ ጫፍ ተጭኖባት ከዛ ወዲህ ኢንተርኔት የለም፣ የቤት ስልኩ ግን ይሰራል፣ አንድ ሰው ደግሞ ሽቦው ከፖሉ ጀምሮ ይቀየር ብሎሻል። እባክሽ ብርሽን እንዳታወጪ!

ዲኤስኤል (በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት) የሚለው መብራት ሳይብለጨለጭ በርቷል ብለሻል አይደል፣ በቃ ሞደምሽ ማዶ ቴሌ ጋ ካለው ማሽን ጋር ተገናኝቷል፣ ሽቦው ስራውን ሰርቷል። ግን መገናኘት ሌላ፣ መግባት ሌላ። ከዛ በኋላ ሞደሙ ፒፒፒኦኢ በሚባለው መንገድ ማን አለ ብሎ ይጣራል፣ ማዶ ያለው ሰርቨር አለሁ ሲለው ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይሰጣል፣ ሰርቨሩም ራሱ አይወስንም፣ የደንበኞች መዝገብ የያዘውን ራዲየስ የሚባለውን ሰርቨር ይጠይቃል፣ እሱ እሺ ካለ ነው አይፒ፣ ማለትም የኢንተርኔት አድራሻ፣ የሚሰጥሽ። ድሮ በዳያልአፕ ጊዜ ስምና ፓስወርዱን በየቀኑ ራሳችን እናስገባ ነበር፣ አሁን ሞደሙ ውስጥ ስለተቀመጠ ሰው እንዳለውም ይረሳዋል። ሪሴቱ ያጠፋብሽ ይሄንኑ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ነው። ዋይፋይሽም ስሙ ተቀይሮ ሞደሙ ስር የተለጠፈውን ከሆነ በዚህ እርግጠኛ ሁኚ።

የውል ወረቀቱ ላይ ፈልጊው፣ ከሌለ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለሽ የሰርቪስ ቁጥርሽን ሰጥተሽ ጠይቂ፣ በዛው ቪፒአይና ቪሲአይ የሚባሉትን፣ ሞደሙ በመስመሩ ላይ የሚጠቀምባቸውን ቁጥሮችም ተቀበያቸው፣ እነሱም በሪሴት ተቀይረው ሊሆን ይችላል። ከዛ ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለሽ (አንዳንዱ ሞደም ሌላ ነው፣ ከስሩ ተጽፏል) ዋን (WAN፣ የውጪው ኢንተርኔት ሴቲንግ) የሚለው ውስጥ ፒፒፒኦኢ መርጠሽ አስገቢ። ኤምቲዩ (በአንዴ የሚላከው ዳታ ትልቁ መጠን በባይት) ከጠየቀሽ 1492 በይው፣ ከተለመደው 1500 ላይ 8ቱን ፒፒፒኦኢ ራሱ ይወስዳል። የዋይፋይ ፓስወርድ ሌላ፣ የሞደሙ መግቢያ ሌላ፣ ይሄ ደግሞ ሌላ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፣ ካፒታልና ስሞል ሌተሩንም እንዳለ ጻፊው።

በትክክል አስገብተሽ እምቢ ካለሽ ሞደሙን አጥፍተሽ አስር ደቂቃ ያህል ቆይተሽ አብሪው፣ እኛ ዳር ሰፈር መብራት ድንገት ሲሄድ የድሮው ሴሽን (የቀድሞው ግንኙነት) ሰርቨሩ ላይ ሳይዘጋ ይቀርና አዲሱን አላስገባም ሊል ይችላል። ከገባልሽ ደግሞ ሴቲንጉን እዛው ባክአፕ አርገሽ ያዢው፣ ልጁ ነገም ያችን ቀዳዳ ሊያገኛት ይችላል።