ኮምፖዚት ዴክ እውነት «አስገጥመሽ እርሺው» ነው?

እህቴ፣ ስለ ዴክ፣ ማለትም ከቤት ውጭ ስለሚገጠመው የጣውላ ወለል፣ «ሻጩ ኮምፖዚት ዴክ አንዴ ከተገጠመ ምንም እንክብካቤ አይፈልግም አለኝ፣ እውነት ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ግማሹ እውነት ነው። እኔ መጀመሪያ የእንጨት ነበረኝ፣ አሁን ኮምፖዚት ነው ያለኝ፣ ስለዚህ የሁለቱንም ጣጣ አውቀዋለሁ።

ቀለም የለም፣ ቫርኒሽ የለም፣ በየሁለት ሦስት ዓመቱ መፋቅና እንደገና መቀባት የለም። ስንጥርም እግር አይወጋም። እንጨት ቀብቶ የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ይገባዋል።

ማጽዳቱ ግን አይቀርም። ኮምፖዚት የእንጨት ዱቄትና ፕላስቲክ ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው፣ አሁን የሚሸጠው አብዛኛው ደግሞ ላዩ በፕላስቲክ ሽፋን የታሸገ ነው። ሰው «ፕላስቲክ ሻጋታ አያወጣም» ይላል። ያወጣል! ሻጋታው የሚበላው ፕላስቲኩን ሳይሆን ላዩ ላይ የተጋገረውን አቧራ፣ የአበባ ብናኝና የበሰበሰ ቅጠል ነው፣ በተለይ ፀሐይ የማያገኘው ጥግ ላይ። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ጥረጊው፣ በዓመት ሁለቴ ያህል ደግሞ በሞቀ ውሃ፣ በዕቃ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ እሺው። ከዚያ በደንብ አለቅልቂው፣ ሳሙናው ላዩ ላይ ከደረቀ ራሱ ቆሻሻ ይስባል።

የሽቦ ብሩሽ እንዳታስጠጊ። ጭረት አየሁ ብለሽ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግም አይሆንም፣ ሽፋኑን ነው የምታነሺው፣ አንዴ ከተነሳ ደግሞ አይመለስም። በረኪና ቀለሙን ሊያደበዝዘው ይችላል። ዘይት ወይም የስጋ ስብ ከፈሰሰ ሳይውል ሳያድር ጥረጊው፣ ሽፋን የሌለው የድሮው ዓይነት ከሆነማ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ስሩ ጎማ የሆነ ምንጣፍም አታንጥፊ፣ እርጥበት አፍኖ ይይዝና ስታነሺው ቀለሙ የተለየ አራት ማዕዘን ታገኛለሽ።

አሁን ዋናው፣ ማንም የማይነግርሽ ነገር። ከላይ የምትረግጪው ኮምፖዚት ነው እንጂ ከስር የተሸከሙት ሞራሌዎች በአብዛኛው እንጨት ናቸው። መድኃኒት የተነከረ እንጨት ቢሆንም ሁልጊዜ ከረጠበ ይበሰብሳል። በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በቅጠል ሲደፈን ውሃው መውረጃ ያጣል፣ እርጥቡ ጉድፍ ደግሞ ሞራሌው አናት ላይ ተኝቶ ይከርማል። ላዩ አዲስ ይመስላል፣ ስሩ እየሞተ። እኔ ክፍተቶቹን በቀጭን የፕላስቲክ ማንኪያ እጄታ ነው የምጠርገው (ባለቤቴ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ)። በዓመት አንዴ ደግሞ ባትሪ ይዘሽ ከስር ተመልከቺ፤ እንጨቱን በካቻቪቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጊው፣ ከለሰለሰ ባለሙያ ጥሪ። ዴኩ ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘበትን ቦታ በተለይ እዪው፣ የላሉ ብሎኖችንም አጥብቂ።

ሌላው ሙቀት ነው። ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ቀለም ቀጥታ ፀሐይ ላይ ባዶ እግር ያቃጥላል፣ ልጆች ካሉ ፈዛዛውን ምረጪ። ሙቀት የሚመልስ መስታወት ያለው መስኮት አጠገብ ከሆነ ደግሞ ተንጸባርቆ የሚያርፈው ጨረር ጣውላውን ሊያጣምመው ይችላል፣ ለገጣሚው አስቀድመሽ ንገሪው።

ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት የዋስትናውን ወረቀት ሙሉውን አስመጪና ስለ ማጽዳት የሚለውን አንብቢ። በግፊት ውሃ የሚረጨውን ማሽን አንዳንዱ አምራች ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ይከለክላል፣ የሚፈቅደውም የግፊት ገደብ ያስቀምጣል።