የኤሌክትሪክ መኪና የሰፈራችንን አየር ያጸዳል ወይ? ለሽሮ ሜዳዋ እህታችን

እህታችን የጠየቀችው ይህን ነው። ቤታቸው ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣው ዳገት ዳር ነው። ልጇ አስም አለበት። ባለቤቷ «አሮጌዋን መኪና ሸጠን ኤሌክትሪክ እንግዛ፣ ለልጁም ይሻለዋል» ይላል። እውነት ነው ወይስ የሻጮች ወሬ? ባትሪውስ ነገ ሌላ ጣጣ አያመጣም ወይ?

እኔ ጋራዥ ነው የምሠራው። ድሮ ሞተር ነበር፣ አሁን ግን ከሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ ናቸው። ከሁለቱም በኩል ያየሁትን ልንገርሽ።

አዎ፣ ያጸዳል። ግን የእናንተን ዳገት የሚያጸዳው የእናንተ መኪና መቀየር አይደለም።

አዲስ አበባ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እናንተ ጋ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ኦክስጅን እንደ ልቡ አያገኝም። እንግዲህ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝሉ ያረጀ፣ የአየር ፊልትሮው የታፈነ ቅጥቅጥ ሰው ጭኖ ዳገቱን ሲጀምር አስቢው። ሹፌሩ ነዳጅ ይረግጣል፣ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የልጅሽን ደረት የሚያጣብበው በዋናነት እሱ ጥቀርሻ ነው። የዓመቱ ቦሎ ሲደርስ አንዳንዱ የናፍጣ ፖምፓውን አስቀንሶ ይመረመራል። ከዚያ «ጉልበት አነሰኝ» ብሎ ተመልሶ ያስጨምራል። ጋራዥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ የሚመላለስ አንድ ቅጥቅጥ ወደ ኤሌክትሪክ ቢቀየር፣ ለእናንተ በር ከብዙ የቤት መኪና ይበልጣል። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል ጥሩ ነው ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችም ከተማው ውስጥ መታየት ጀምረዋል። እኔ ብጠየቅ ግን ቅድሚያውን ለታክሲውና ለጭነት መኪናው እሰጥ ነበር። ደግሞ የምትሸጧት አሮጌ መኪና የትም አትጠፋም። እኛ አገር መኪና አይሞትም። ሌላ ሰው ይገዛታል፣ ሌላ ሰፈር ታጨሳለች።

«ጭሱ ከከተማ ወጥቶ ማመንጫው ጋ ሄደ እንጂ አልቀረም» የሚሉ አሉ። ኤሌክትሪኩን ከድንጋይ ከሰል የሚያመነጭ አገር ላይ ወሬው ውሃ ያነሳል። እኛ ጋ ግን ከመቶ ከዘጠና እጅ በላይ የሚሆነው መብራት ከውሃ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ባትሪው ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ብዙ ካርቦን እንደሚወጣ እውነት ነው። ያንን ዕዳ ግን በውሃ መብራት የሚሄድ መኪና ቶሎ ይከፍለዋል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነውና የሚለቀው። አደራ፣ መብራት ጠፋ ብላችሁ በናፍጣ ጄኔሬተር ቻርጅ እንዳታደርጉ። ያኔ ናፍጣ መኪና ነው የገዛችሁት።

ማንም የማያወራው ትልቁ ነገር ዘይቱ ነው። አንዲት ትንሽ መኪና በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አራት ሊትር ገደማ ዘይት ትቀይራለች። የተቃጠለው ዘይት ወዴት ይሄዳል? ጥቂቱን ለአጥር እንጨት የምስጥ መከላከያ ይወስዱታል። ግንበኞች ደግሞ ኮንክሪት እንዳይጣበቅ ፎርም ይቀቡበታል። የቀረው ብዙ ቦታ መሬት ላይ ይፈሳል። ክረምት ሲገባ ጋራዥ አጠገብ ያለ ቦይ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ሲንሳፈፍ ታያለሽ። ያ ውሃ ወንዝ ገብቶ አቃቂ ይደርሳል፣ በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣል። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት የለውም፣ የዘይት ፊልትሮም የለውም። ከጭሱ ይልቅ እኔን ያስደሰተኝ ይሄ ነው።

ከእንጦጦ ሲወረድም ሌላ ጥቅም አለ። ሞተሩ ራሱ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል። የፍሬን ሸራ ብዙ ስለማይፋቅ ብናኙ ይቀንሳል። ለእናንተ አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ቤታችሁ ዳገት ላይ ስለሆነ ማታ ባትሪውን እስከ አፉ አትሙሉት። ጠዋት ሙሉ ሆኖ ቁልቁል ከወረደ የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ጥቅሙ ይቀራል።

ጎማ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መኪናው ከባድ ነው፣ ሲነሳም ጉልበቱ ድንገተኛ ነው። የሚቸኩል ሹፌር እጅ ከገባ ጎማው ቶሎ ያልቃል፣ የተበላው ጎማ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ብናኝ ሆኖ ይቀራል። የመንገዱ አቧራም፣ የከሰሉና የማገዶው ጭስም አለ። እነዚህን የኤሌክትሪክ መኪና አይነካቸውም። ልጁ ያለበት ክፍል መንገድ ዳር ከሆነ ወደ ጓሮ ቀይሩለት፤ ከሰሉም ከቤት ይውጣ። ይሄ መኪና ከመግዛት በፊት የሚደረግ ነው።

ባትሪውን በተመለከተ ስጋትሽ ተገቢ ነው። ተራውን የመኪና ባትሪ እርሳስ ስላለበት ቁራሌው ፈልጎ ይገዛዋል። አሲዱን ግን ቦይ ውስጥ የሚደፋው ብዙ ነው። ከቻይና የሚመጡት ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ሊትየም ብረት ፎስፌት የሚባለውን ባትሪ ነው የሚጠቀሙት። ኮባልትም ኒኬልም የለውም፣ ቶሎ በእሳት የመያያዝ ጠባዩም ያነሰ ነው። ችግሩ ውስጡ ውድ ብረት ስለሌለው ሲያረጅ ፈላጊ አያገኝም። ፈላጊ የሌለው ነገር ደግሞ የትም ይጣላል። መልካሙ ነገር መኪና መግፋት ያቃተው ባትሪ መብራት ሲጠፋ ለቤት ወይም ለሱቅ ሊያገለግል መቻሉ ነው። ታዲያ የሚያውቅ ባለሙያ ይፍታው፤ ቮልቴጁ ሰው ይገድላል።

ባለቤትሽ ሊገዛ ከሄደ ሻጩን የባትሪውን ዓይነትና በጽሑፍ የተሰጠ የባትሪ ዋስትና ይጠይቀው። ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ጤንነት በኮምፒውተር አስነብቦ ቁጥሩን ያሳየው። ማሳየት ካንገራገረ ሌላ ሻጭ ጋ ይሂድ።