የእትብቱን ደም እናስቀምጠው ወይስ እንለግሰው?

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የእትብት ደም በክፍያ የሚያስቀምጥ ድርጅት «ለልጃችሁ የዕድሜ ልክ ዋስትና ነው» እያለ ውል እንድንፈርም ጠይቆናል። ባለቤቴ ይቀመጥ ይላል፤ እኔ ግን ለታመመ ሰው ብንለግሰው ደስ ይለኛል። የቱ ይሻላል? ሕፃኑንስ አይጎዳውም?

መልስ፦ የእትብት ደም፣ እንደ መቅኒ ሁሉ፣ ደም የሚሠሩ ህዋሶች ስላሉት በንቅለ ተከላ ለታመመ ሰው ይሰጣል። በቤታችሁ በመቅኒ ንቅለ ተከላ የሚታከም በሽታ ያለበት ሰው ከሌለ፣ ለጋሽ የሚቀበል የሕዝብ ባንክም (የተለገሰውን ደም ለማንኛውም ታማሚ የሚያስቀምጥ ተቋም) በአቅራቢያችሁ ካለ፣ ለግሱ እንላለን። «ዋስትና» የሚለው ቃል ያሳስታል። ልጁ በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ቢኖርበት ያው ጉድለት በእትብቱ ደምም ውስጥ አለ። የደም ካንሰር ቢይዘውም የበሽታው መነሻ ከመወለዱ በፊት ተፈጥሮ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሞች የሌላ ሰው ህዋስ ይመርጣሉ። በ1988 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተደረገው የመጀመሪያው የእትብት ደም ንቅለ ተከላም ፋንኮኒ አኒሚያ (መቅኒው ደም መሥራት የሚያቅተው በዘር የሚተላለፍ በሽታ) የነበረበትን የ5 ዓመት ልጅ ያዳነው በገዛ ደሙ ሳይሆን አዲስ በተወለደች እህቱ የእትብት ደም ነው።

አወሳሰዱ እናቲቱንም ሕፃኑንም አያሳምም። እትብቱ ታስሮ ከተቆረጠ በኋላ፣ በእንግዴ ልጁ በኩል የቀረው ጫፍ በፀረ ተዋህስ ይጠረግና መርፌ በእትብቱ ደም ሥር ይገባል፤ ደሙም ዝቅ ብሎ ወደተቀመጠ ከረጢት በራሱ ይወርዳል። ከረጢቱ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ስላለ በቀስታ እየተገላበጠ መቀላቀል አለበት፤ ይህ ከተዘነጋ ደሙ ይረጋል። አጠራረጉ ከላላ ደግሞ ባክቴሪያ ይገባና ከረጢቱ ይጣላል። ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ግን የመጠን ማነስ ነው፤ የህዋሱ ቁጥር ካልሞላ የሕዝብ ባንኩ ለሕክምና አያስቀምጠውም፤ ፈቃድ ከሰጣችሁ ለምርምር ይውላል።

አደራ የምንለው አንድ ነገር አለ፦ ከረጢቱን ለመሙላት ተብሎ እትብቱ ቶሎ አይታሰር። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 1 ደቂቃ እንዲጠበቅ ይመክራል፤ በዚያች ደቂቃ ወደ ሕፃኑ የሚሻገረው ደም ለወራት የሚበቃው የብረት ስንቅ ነው። የሚሰበሰበው ቢያንስም ይነስ። ይህን ለአዋላጇ ምጥ ሳይጀምር ንገሯት።

ብዙ ባንኮች ለጋሽ የሚመዘግቡት ከ34ኛው ሳምንት በፊት ስለሆነ አሁኑኑ ደውሉ። ስለ ቤተሰቡ ጤና ይጠይቃሉ፤ ከእናቲቱም ደም ወስደው ኤችአይቪን፣ ሄፓታይተስንና ቂጥኝን ይመረምራሉ። ልገሳው ክፍያ የለውም፤ ነገር ግን በኋላ ብትፈልጉት ከረጢቱ ለሌላ ታማሚ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ባለቤትዎ ከጸኑ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ የህዋሱ ቁጥር ቢያንስ ገንዘቡ ይመለሳል? እስከ ዛሬ ስንት ከረጢት ለሕክምና ወጥቷል? ድርጅቱ ቢዘጋ ከረጢቱ የት ይሄዳል? ዓመታዊው ክፍያ ቢቋረጥስ?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጃችን ታላሴሚያ (በዘር የሚተላለፍ የደም ማነስ) አለበት። ሁለተኛውን አርግዣለሁ። ለእኛም መልሱ ያው ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ለእናንተ፣ ለታላቁ ልጅ ሕክምና፣ ማስቀመጡ ይገባል። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ልጆች፣ ለንቅለ ተከላ በሚታየው የህዋስ ዓይነት፣ ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው 25 በመቶ ነው። አዲሱ ሕፃን ከበሽታው ነፃ መሆኑ ግን መረጋገጥ አለበት፤ ተሸካሚ ብቻ መሆኑ (ሳይታመም ጉድለቱን መያዙ) አያግደውም። ዝግጅቱን የታላቁ ልጅ ሐኪም ይምራው። ከረጢቱ ትንሽ ነው ብላችሁም አትጣሉት፤ ሕፃኑ ከፍ ሲል ከራሱ ከሚወሰድ መቅኒ ጋር አብሮ ሊሰጥ ይችላል።