ተዘጋ ወይስ ዝግ ነበር?

እህቴ፣ በእንግሊዝኛ «ዘ ዶር ወዝ ክሎዝድ» ሲባል «ክሎዝድ» ፓሲቭ ግሥ (እንደ «ተዘጋ» በባለቤቱ ላይ የተፈጸመ ድርጊት የሚናገር) ነው ወይስ ቅጽል ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ግራ ቢገባሽ አይገርምም።

እኔም ተማሪ እያለሁ «ወዝ» ካለና ፓስት ፓርቲሲፕል (እንደ «ክሎዝድ» ያለ የግሥ ቅርጽ) ከተከተለው ፓሲቭ ነው ተብዬ ነው የተማርኩት። በኋላ ራሴ ሳስተምር ያ ሕግ ተማሪዎቼን ደጋግሞ ሲያሳስታቸው አየሁ። መላውን ያገኘሁት ከአማርኛችን ነው። እኛ ለድርጊቱ «ተዘጋ»፣ ለሁኔታው «ዝግ ነው» እንላለን። «ተሰበረ» እና «ሰባራ ነው»ም እንደዚያው። እንግሊዝኛው ሁለቱን በአንድ ቃል ስለሚላቸው ነው የሚያምታታው። «ኦፕን» ላይ ግን ራሱ ይለያቸዋል፦ «ወዝ ኦፕንድ» ተከፈተ፣ «ወዝ ኦፕን» ክፍት ነበር።

«ዘ ዶር ወዝ ክሎዝድ ባይ ዘ ጋርድ» ካለ በሩ በጥበቃው ተዘጋ ማለት ነው፤ ፓሲቭ። «አይ ፋውንድ ዛት ዘ ዶር ወዝ ክሎዝድ» ካለ ግን ስሄድ ዝግ ሆኖ ጠበቀኝ ነው፤ ቅጽል። አሁንም ካልለየልሽ «ወዝ»ን አውጪና በቦታው «ሲምድ» (መሰለ) ወይም «ሪሜይንድ» አስገቢ። «ዘ ዶር ሪሜይንድ ክሎዝድ»፣ ዝግ እንደሆነ ቆየ። ሐሳቡ ካልተበላሸ ቅጽል ነው። «ወዝ ቢዪንግ ክሎዝድ» ብትዪው የሚሄድ ከሆነ ደግሞ፣ በሩ እየተዘጋ ነበርና ፓሲቭ ነው።

ብዙ ሰው «ቬሪ»ን (በጣም) አስገብተሽ ሞክሪ ይላል። ከተቀበለ ቅጽል ነው፣ እውነት ነው። ካልተቀበለ ግን ግሥ ነው ብለሽ አትደምድሚ። «ቬሪ ክሎዝድ» አይባልም፤ በሩ ግን ዝግ ነው።

የአማርኛው ዘዴ የሚከዳሽ ስሜት ላይ ነው፤ እዚህ ጋ ተጠንቀቂ። «ተጨነቀች»፣ «ተገረመች» በ«ተ» ስለሚጀምሩ ጆሯችን ፓሲቭ አድርጎ ይሰማቸዋል። «ሺ ወዝ ዎሪድ» ግን ቅጽል ነው፤ «ቬሪ ዎሪድ» ይባላላ! «ባይ» ስላየሽም ብቻ አትቸኩዪ። «ሺ ወዝ ቬሪ ሰርፕራይዝድ ባይ ዘ ኒውስ» ጥሩ እንግሊዝኛ ነው፤ «ሰርፕራይዝድ»ም «ባይ» እያለው እንኳ ቅጽል ነው።

«ዘ ዶር ወዝ ክሎዝድ ላስት ናይት» ብቻውን ፈተና ላይ ከመጣ ትናንት ማታ ተዘጋም፣ ዝግ ነበርም ሊሆን ይችላል። ከፊቱና ከኋላው ያለውን ዓረፍተ ነገር ሳታነቢ አትመልሺ።